የኮሶ አምባ ሳል

የሺዋስ እኅቱን ያስተማራት ድንጋይ እየፈለጠ ነው። አባታቸው ለቀን ሥራ ቆላ ወርደው በወባ ሲቀሩ፣ እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሲከተሏቸው፣ እሱ ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ ሸጊቱ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ዳባት ከተማ ለቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ ከሚያቀርብ ሰው ዘንድ ተቀጠረ። እኅቱ ከፍ ብላ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ስትማር፣ ዱቄቱንም በሶውንም በትከሻው ተሸክሞ የሚያደርስላት እሱ ነበር። ጎረቤት «ለሴት ልጅ ይህን ያህል ምን ያደክምሃል?» ሲለው፣ «አንዳችን እንኳ ከድንጋይ እንላቀቅ» ብሎ ይስቅ ነበር።

ሸጊቱም አላሳፈረችውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠናዋን ጨርሳ እዚያው በተወለደችባት ቀበሌ፣ ኮሶ አምባ ተመደበች። ኮሶ አምባ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ኮረብታ ላይ ያረፈች መንደር ናት። ገብስና ባቄላ ይዘራባታል፤ በግ ይረባባታል፤ ጫፏ ላይ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የድጓ ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ሸጊቱ ቤት ለቤት እየዞረች ሕፃናት ታስከትባለች፣ እርጉዞችን ትከታተላለች፣ ሽንት ቤት ያልቆፈረውን ትጨቀጭቃለች። ሰው ይወዳታል። ወንድሟ በሰንበቴ ላይ ስሟ ሲነሳ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ተቋራጩ የመጣው ሸጊቱ ሥራዋን ከለመደች በኋላ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠሩ የሚዘልቅ አስፋልት ሊሠራ ነው ተባለ። መሐንዲሶች መጥተው ኮረብታዋን ዞረው አዩ፤ ከሥሯ ያለው ነጣ ያለ ድንጋይ ለሥራው ይሆናል ብለው ወሰኑ። በአንድ በጋ የግጦሹ ሜዳ ታጠረና ማሽኑ ተተከለ። ቋጥኝ ይጎርሳል፣ ጠጠር ይተፋል፤ ሠራተኞቹ ክሬሸር ስላሉት ሰውም ክሬሸር አለው። ከጎኑ ሬንጅ የሚያፈላ ሌላ ማሽን ቆመ፤ እሱ ሲነሳ ጥቁር ጭሱ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣና ነፋሱ ሲያገኘው መንደሩ ላይ ይተኛል።

ያኔ ሰው ደስ ብሎት ነበር። መሬት ያነሰው ወጣት ሁመራ ለሰሊጥ ከመውረድ ተረፈ። ድርጅቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሰጠ። የሺዋስ ድንጋይ ስለሚያውቅ ከሁሉ ቀድሞ ተቀጠረ፤ መጀመሪያ ቋጥኙን የሚበሳው መሣሪያ ላይ፣ ብዙም ሳይቆይ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ ክሬሸሩ ሰው ሲፈልግ የሚጠራው እሱን ነው። የጎረቤቱን ልጅ አስገባ፤ የአክስቱን ልጆች አስገባ፤ እናቶች እቤቱ ድረስ እየመጡ «ልጄን አደራ» ይሉታል። በዚያው መስከረም የምትባል የዳባት ልጅ አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለዱ፤ የሣር ክዳኑን አንስቶ ቆርቆሮ አለበሰ።

ብናኙን መጀመሪያ ማንም ቁም ነገር አላለውም። ጠዋት ጠዋት ጉም የመሰለ ነገር ከሥር ይነሳል፤ ጉሙ ግን ፀሐይ ስትወጣ አይጠፋም። የባቄላው ቅጠል ነጭ ይለብሳል። በጎቹ ሣሩን ያሸቱትና ትተውት ያልፋሉ። የተሰጣ ነጠላ ሲነሳ ይራገፋል። ሴቶቹ «ያለ ወፍጮ ዱቄት አገኘን» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ጤና ኬላው በር ላይ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ዓይናቸው የቀላ ልጆች፣ ደረታቸውን የያዙ ሽማግሌዎች ይሰለፉ ጀመር። ሸጊቱ በሥልጠናዋ እንደተማረችው፣ ሳል የሚመጣው መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ነው አለች። ውሸትም አልነበረም፤ የመንደሩ ማድ ቤት ሁሉ ጣሪያው ጥቀርሻ ነው። እየዞረች መስኮት አስከፈተች፣ ሕፃን ታቅፎ እሳት ዳር መቀመጥን ከለከለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዓለምብርሃን፣ ከሌላው ቀበሌ ይልቅ የሷ ሥራ ያምራል እያለ ያመሰግናት ነበር።

ይህን የክሬሸሩ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ምስክር ሰማ። ሰው አክባሪ፣ ንግግር የሚያውቅ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመኪናው ወርዶ ጉልበት የሚስም ሰው ነው። ድርጅቱ ለኅብረተሰቡ ያስባል ብሎ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በገልባጭ መኪና ጭኖ አመጣ፤ በየምድጃው ላይ የድርጅቱ ስም ተጽፎበታል። ምድጃውን ከመኪናው ያወረደው የሺዋስ ነው፤ ያከፋፈለችው ሸጊቱ ናት። ኢንጂነሩ በሁለቱ መካከል ቆሞ ፎቶ ተነሣ። የሺዋስ ያን ቀን ማታ ለሚስቱ፣ እኅቴና እኔ በአንድ ቀን ለአገር ሠራን ብሏት ነበር።

ምድጃው ከገባ በኋላ ሳሉ ይቀንሳል ብላ ሸጊቱ ጠበቀች። አልቀነሰም። እንዲያውም ማድ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች፣ ውጭ የሚያድሩ የበግ ጠባቂዎች ያስሉ ጀመር። ክረምት ገብቶ ድንጋዩ ሲርስና ማሽኑ ሲቆም ጤና ኬላው ጭር ይላል፤ መስከረም ጠብቶ ማሽኑ ሲነሳ እንደገና ይሞላል። ከኮረብታው ወዲያ ማዶ፣ ነፋሱ በማይነካው በኩል ያሉት ሰዎች ምድጃ አልደረሳቸውም፤ ማድ ቤታቸው እንደ ድሮው ይጨሳል፤ ሆኖም ያን ያህል አያስሉም። ይህን ሁሉ እያየች ዝም ማለት አልሆነላትም። ግን ደግሞ በአፏ ለመናገር ከበዳት፤ ምክንያቱም ክሬሸሩ የወንድሟ እንጀራ ነው።

መጀመሪያ የሄደችው የኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ ዘንድ ነው። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ለሚካኤል ማኅሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ከኮረብታው ወርዶ ዋናው መንገድ ላይ ይሰማ ነበር ይባላል። ስትደርስ ተማሪዎቹን ዜማ ያስጠናሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ሳሉ ያቋርጠዋል፤ ሌላው ይቀበላል፣ እሱም ያቋርጣል። የኔታ ሊያርሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው ሻክሮ አልወጣ አለ። ከዚያ ተማሪዎቹን አሰናብተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እኔስ ሽማግሌ ነኝ፤ ጉሮሮዬ አርጅቷል እንበል» አሏት። «እነዚህ ልጆች ግን ዜማ ሊማሩ አገር አቋርጠው መጥተው፣ ሳል ተምረው ሊሄዱ ነው።»

«የኔታ፣ ብናገር ከጎኔ ይቆማሉ?» አለቻቸው።

ቆርቆሮውን ሲቀበሉ በአደባባይ መርቀው እንደነበር አስታወሷት። «የመረቁትን መልሶ መርገም ከባድ ነው፣ ልጄ። ግን እቆማለሁ» አሉ።

ከዚያ ለአለቃዋ ለዓለምብርሃን ነገረችው። ዓለምብርሃን ክፉ ሰው አይደለም። አዳምጦ ሲጨርስ በሩን ዘጋና፣ እኔም ከሌሎች የሰማሁት ይኸንኑ ነው አላት። ችግሩ ብናኙን የሚለካ መሣሪያ እንደሌላቸው፣ ድርጅቱ የራሱን ባለሙያ አምጥቶ ብናኙ ከተፈቀደው መጠን በታች ነው ቢል የሚመልሱት እንደማይኖራቸው አስረዳት። ለበላይ በጽሑፍ ከመሄድ ይልቅ፣ ቀበሌው ድርጅቱን ከሕዝብ ጋር በሚያገናኝበት ስብሰባ ላይ ታንሳው፤ እሱም ተገኝቶ ይደግፋታል። እሷም አመነችው።

ስብሰባው ሳይደርስ በአንድ እሑድ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ ታች ወርዶ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘችው። ቁልቁል እንደ ነፋስ ይወርድባት የነበረችውን አቀበት አሁን በሁለት በሦስት ቦታ ቆሞ ነው የወጣት፤ በቆመ ቁጥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር ይመስላል። ጫማው ክር አልነበረውም። ሸጊቱ አየች። ቤት ሲገቡ መስከረም እንጨት አግዢኝ ብላ ወደ ጓሮ ጠራቻትና፣ የሺዋስ አሁን አሁን ተኝቶ መተንፈስ ስለማይችል ግድግዳ ተደግፎ እንደሚያድር፣ ለእሷም እንዳትነግር እንዳስማላት ነገረቻት።

ሸጊቱ ተመልሳ ገባችና ጎንደር ሄደው ራጅ እንዲነሣ ለመነችው። ጉንፋን ነው አለ። ጉንፋን እንዲህ እንደማይከርም፣ የምታየው ሳል ሁሉ ከአንድ ቦታ እንደሚነሣ፣ በስብሰባው ላይም እንደምትናገር ነገረችው። የሺዋስ እንጀራውን ትቶ እጁን ታጠበ።

«ምን ብለሽ?» አላት።

«ያየሁትን፣ አያ። አንተም የምታውቀውን።»

«እኔ የማውቀው ይኼ ቤት በምን እንደተሠራ ነው» አለ።

ስብሰባው የተደረገው ሚካኤል ቅጥር ውስጥ ካሉት ጥዶች ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወጣቶቹ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከኋላ ቆሙ። ኢንጂነር ምስክር ስለ አስፋልቱ ተናግሮ ጥያቄ ካለ ሲል ሸጊቱ ተነሣች። በክረምትና በበጋ ያለውን ልዩነት፣ ከኮረብታው ወዲህና ወዲያ ያለውን ልዩነት ተናገረች። ተሳስቼ ሁሉንም በማድ ቤት አላክኬ ነበር አለች። ማሽኑ ይነቀል አላለችም፤ ብናኙ ሳይነሣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ይርጩበት፣ ለሠራተኞቹ ጨርቅ ሳይሆን የእውነት ማስክ ይስጡ፣ ደረታቸውንም ያስመርምሩ ነው ያለችው።

ኢንጂነሩ በትዕግሥት አዳመጣት። ከዚያ ወደሷ ሳይሆን ወደ ወጣቶቹ ዞረ።

«እኅታችንን እናከብራታለን» አለ። «ሳሉ የማገዶ ጭስ ነው ብላ ያስተማረችን ራሷ ናት፤ ያን ሰምተን ነው ምድጃ ያመጣነው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ነው ብላለች። እኛ በግድ አንቀመጥም። ክሬሸሩ ከከበዳችሁ ድንጋይ የሌለበት አገር የለም፤ ነቅለን እንሄዳለን፤ ሥራውንም እዚያ ላሉት ልጆች እንሰጣለን።»

የኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቃል እንደሰጡት ሊናገሩ ጀመሩ፤ ግን ድምፃቸው ከፊት ከተቀመጡት አላለፈም። ከኋላ ያሉት ስላልሰሟቸው የየራሳቸውን ወሬ ያዙ። የኔታ ሁለት ጊዜ ሞከሩና ተቀመጡ። ሸጊቱ ዓለምብርሃንን ፈለገችው። ከቀበሌው ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ነበር፤ ቀና አላለም።

ያን ጊዜ የሺዋስ ከወጣቶቹ መካከል ወጥቶ ቆመ።

«እኔ በየቀኑ ማሽኑ አፍ ላይ ነኝ» አለ። «ከኔ የቀረበው የለም። ይኸው ታዩኛላችሁ፣ ደኅና ነኝ። እኅቴ ተምራለች፤ ድንጋይ ግን አታውቅም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሆንም። ልጆቻችንን ከሥራ አታስወጡብን።»

ተጨበጨበለት። እሱ ግን ጭብጨባውን አልጠበቀም፤ ከንፈሩን ነክሶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ፈጠን ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄደ። ሸጊቱ ሳሉን እስከዚያ ድረስ አፍኖ እንደያዘው አወቀች። እዚያ የነበረው ሰው ግማሹ ሳይገባው አይቀርም። ቢሆንም የሺዋስ የተናገረው ተይዞ ስብሰባው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሸጊቱ በመንደሩ ሌላ ሰው ሆነች። ወንድሟ ያላመናትን ማን ያምናታል ተባለ። በሩን የሚከፍትላት ይከፍታል፤ ግን ተቀመጪ የሚላት አነሰ። አንዲት እናት፣ ልጄን ከሥራ ልታስወጪብኝ ነበር ብላ የሕፃኗን ክትባት ዳባት ወስዳ አስከተበች። ዓለምብርሃን ባገኛት ጊዜ፣ ጊዜው አመቺ አልነበረም አላት። ድርጅቱ ለአንድ ሰሞን ቦቴ አምጥቶ ውኃ አስረጨ፤ ቆይቶ ቦቴው የሚታየው ከከተማ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሆነ። የኔታ ማንንም ሳይወቅሱ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሽቅብ ወደ አምባራስ ሄዱ። ሚካኤል ያለ ድጓ ተማሪ ቀረ። ወንድምና እኅት ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ፤ ራስ ነቅንቀው ይተላለፋሉ።

በዓመቱ የሺዋስ ወደቀ። የድርጅቱ ካምፕ ውስጥ ያለው ክሊኒክ የሳል ሽሮፕ ሲሰጠው ከረመ። አልሻል ሲለው ወደ ከተማ ተላከ፤ አክታው ውስጥ ምንም ባይገኝም ሲከሳና ሲያልበው አይተው የቲቢ መድኃኒት ጀመሩለት። ይህ ሲሰማ ጎረቤት ዋንጫ ለየ። በአደራ ያስገባቸው ልጆች በቤቱ በር ሲያልፉ አፋቸውን በጋቢያቸው ይሸፍናሉ። ድርጅቱም ለሌሎቹ ሠራተኞች ጤና ሲባል እስኪሻለው ቤቱ ይረፍ አለ። ደመወዙ በዚያው ቆመ።

መስከረም መጥታ የጠራቻት ያኔ ነው። ሸጊቱ ስትገባ ወንድሟ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኗል። ስለ ስብሰባው እሱም አላነሣ፣ እሷም አላነሣች። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ሰነበተ፤ ሲከፈት በጠዋቱ መኪና ይዘው ጎንደር ገቡ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። የራጁን ፊልም መብራቱ ላይ ሰክቶ ብዙ ጊዜ አየው፤ ከዚያ የሺዋስን ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ሲነግረው ወደ ሸጊቱ ዞሮ ከክፍሉ ውጭ አነጋገራት። ቲቢ አይደለም አላት። ለዓመታት የተነፈሰው የድንጋይ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ቁስል ፈጥሯል፤ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ደድሯል፤ የደደረ ሳንባ ተመልሶ አይለሰልስም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለም። ቀድሞ ከብናኙ ቢወጣ ኖሮ እንዲህ ባልፈጠነ ነበር። ከዚያ አብረውት የሚሠሩ ሌሎች እንዳሉ ጠየቃት።

«የመንደራችን ወጣት በሙሉ» አለችው።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ሁሉም መታየት አለባቸው አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደማይሆን እንደሚያውቅ ሰው።

የሺዋስ አልጋ ይዞ ኦክስጅን ተደረገለት። ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ፀሐይ ሲገባ ትንሽ ቀለል ይለዋል። በአንዱ ቀን ሸጊቱ ብርቱካን ልጣ ስትሰጠው እጇን ያዘ።

«ያን ቀን አውቅ ነበር» አላት።

ቀና ብላ አየችው።

«ከአንቺ በፊት ነው ያወቅሁት። ከኛ በፊት በሌላ ቦታ ሲሠሩ የነበሩ፣ ድርጅቱ ይዟቸው የመጣ መሣሪያ ያዦች ነበሩ፤ አንድ በአንድ ደረታቸውን እየያዙ ወደየአገራቸው ሲሄዱ አይቻለሁ። ሲያስሉ እንደኔው ነበር የሚያስሉት።»

«ታዲያ ለምን፣ አያ?»

ትንፋሹ እስኪመለስለት ቆየ። «ልጆቹን ሁሉ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። እናቶቻቸው ደጄ ድረስ መጥተው አደራ ብለውኛል። ማሽኑ ይገድላል ብዬ ከተነሣሁ፣ ምን አደረግሁ ማለቴ ነው? ውሸት ነው ብል ይቀለኛል መሰለኝ።» ቀጠለና፣ «አንቺን ማሳነሴ ግን ከሳሉ ይልቅ ያመኛል» አላት።

ሸጊቱ ይቅር ልትለው ፈለገች፤ ቃሉ ግን ቶሎ አልመጣላትም። ብርቱካኑን በፍሬ በፍሬው እየለየች አጎረሰችው። በኋላ ስታስበው ያን ቃል በጊዜው አለማለቷ ይቆጫት ነበር፤ ስንወጣ እላለሁ፣ ቤት ስንገባ እላለሁ እያለች፣ አውርደው ቤቱ ሲያስገቡት መናገር ቀርቶ መስማትም የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ፣ ሚስቱና እኅቱ ግራና ቀኝ ይዘውት ሞተ። ሠላሳዎቹን አልጨረሰም ነበር።

ለቀብሩ ድርጅቱ ድንኳን ላከ፤ ለለቀስተኛው የጾም ምግብ አሰናዳ። ኢንጂነር ምስክር ጥቁር ለብሶ መጥቶ፣ ወንድማችን የሺዋስ ታታሪ ነበር፣ ኮሶ አምባ ልጇን አጣች ብሎ ተናገረ። ባጋጠመው ሕመም ነው ያለው፤ የምን ሕመም እንደሆነ አልተናገረም። ሰውም መርምሮ የጨረሰ ይመስል፣ ቲቢ ነው የገደለው አለ። ቲቢ ከሆነ የሱ ዕድል ነው፤ ማንንም አይነካም።

ሸጊቱ ግን ሰው ሳይበተን ድንኳኑ ውስጥ ተነሣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ዓይኗ ያበጠ ነው። የሐኪሙን ቃል አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ከዚያ ወጣቶቹን በየስማቸው እየጠራች፣ አንተም ተመርመር፣ አንተም ተመርመር አለቻቸው። አንዳቸውም አላቋረጧትም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አይቋረጥም። ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት፤ ሌላውም እንደሳቸው አለ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በተራ እግዚአብሔር ያጽናሽ እያላት ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ክሬሸሩ እንደ ወትሮው ተነሣ፤ አንድም ሰው አልቀረም።

ከዐርባው በኋላ ኢንጂነሩ ሽማግሌ ይዞ መስከረም ዘንድ መጣ። ድርጅቱ የሟቹን ውለታ አይረሳም፤ ልጆቹም እንዳይራቡ፣ በእሱ ቦታ እሷን ሊቀጥር ወስኗል አሏት። ሥራው ከማሽኑ ሥር የሚከመረውን ደቃቅ መጥረግ ነው። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ አሠሪ የት ይገኛል ብለው መረቁት። መንደሩም ሲያወራው ሰነበተ፤ ሰው የሞተበት ሌላው ድርጅት ቢሆን ዘወር ብሎም አያይም ነበር ተባለ።

ሸጊቱ የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ወዲያው ሄደች። መስከረም ደጅ ላይ ባቄላ ትለቅማለች፤ የሥራ ልብሱ ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

«ድንኳኑ ውስጥ የሐኪሙን ቃል ስናገር ነበርሽ» አለቻት ሸጊቱ። «ብናኙ ምን እንደሚያደርግ አንቺ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

ሸጊቱ ከደመወዟ እንደምታካፍላት፣ ልጆቹንም ወደራሷ እንደምትወስድ፣ ሌላ ሥራ እስኪገኝ አብረው እንደሚታገሉ ነገረቻት። መስከረም ባቄላውን ትታ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«እታለም፣ የአንቺ ደመወዝ አንቺን እንኳ ወሩን አያደርስሽም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። መሬት የለኝ። ዳባት ብመለስ እናቴ ራሷ ተጧሪ ናት። አንቺ የምትዪው እውነት ነው። እውነቱን ግን ለልጆቼ ምሳ አላደርገውም።» ወደ ባቄላዋ እየተመለሰችም፣ «አፌን በሻሽ አስራለሁ» አለች።

ሸጊቱ ቁጭ ብላ ባቄላውን አብራት መልቀም ጀመረች። ቅርፊቱን ሲያሹት እጃቸው ላይ ነጭ ይቀራል።

ዓመት አለፈ። አስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ መኪናው ፈጠነ፤ የዳባት ነጋዴ በጉን ደጅ ድረስ መጥቶ ይገዛል። ሸጊቱ ወደ በላይ መሥሪያ ቤቶች ሄዳ የሐኪሙን ቃል አስረድታለች፤ እንመጣለን ያሏት አሉ፤ አልመጡም። ወደ አዲ አርቃይ ትዛወሪ ሲሏት እምቢ አለች፤ ለምን እዚህ እንደምትቆይ ስትጠየቅ፣ የሚያስሉት እዚህ ናቸው ብላ ትመልሳለች። በአደራ ከገቡት ልጆች ሁለቱ አሁን አቀበቱን ሲወጡ እየቆሙ ነው። ከሥራ ወጥተው ማምሻውን፣ ሰው ሳያይ፣ ወደ ጤና ኬላው ብቅ ይላሉ። ደረታቸውን አዳምጣ ጎንደር ሂዱ ትላቸዋለች። ከደመወዝ በኋላ እንሄዳለን ይላሉ።

በአንዱ ሰኞ መስከረምም መጣች። ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ነጭ ነበር፤ ሻሿን ከአፏ ላይ ስታወርድ ከሥሩ ያለው ፊቷ ብቻ የራሷን መልክ ይዞ ታየ። ታናሹን ልጇን ለዘመቻው የኩፍኝ ክትባት እንዳመጣች ነገረቻት። መርፌውን ተወግቶ ልጁ ማልቀሱን ሲያቆም፣ ለመውጣት ብድግ ብላ በሩ ላይ ሳለች፣ የሳል ነገር ካለሽ ብላ ጠየቀች።

«ለማን?» አለች ሸጊቱ።

«ለኔ ነው። ጉንፋን ነው።»

ሸጊቱ ወንበር ሳበችላትና ተቀመጪ አለቻት። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከጀርባዋ ገለጥ አደረገችላትና፣ በረጅሙ ተንፍሺ አለቻት።